ወለድ፣ አራጣ እና ወለድ አገድ፤ ስለ ቤት ገንዘብ ቃላት ታሪክ

በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪኩ ጋር እያስተያየ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በመዝሙረ ዳዊት 14 (በዕብራይስጡ አቈጣጠር 15) ጻድቅ ሰው ገንዘቡን ሲያበድር የማይቀበለው ነገር «አራጣ» ተብሏል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ደግሞ ጌታው መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ ሲወቅስ፣ ገንዘቡ ለለዋጮች አደራ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ከዋናው ጋር ይቀበለው የነበረው ነገር «ትርፍ» ተብሏል። በግሪኩ ግን በሁለቱም ስፍራ የቆመው ቃል አንድ ነው፤ «ቶኮስ» ይላል። ተርጓሚዎቹ አንዱን ቃል ለሁለት የከፈሉት ባለማወቅ አይመስለንም። በመዝሙሩ ነገሩ ተነቅፎ ተነግሯል፤ በምሳሌው ግን ያለ ነቀፋ ተነግሯል። ሁለቱንም ሊሸከም ይችል የነበረው ሦስተኛው ቃል፣ ማለትም «ወለድ»፣ ከሁለቱም ስፍራ ቀርቷል።

ይህ የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ብድርና ስለ ቁጠባ የሚጻፍ ማናቸውም መግለጫ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው ከእነዚሁ ቃላት ፊት ይቆማል። የሚመርጠው ቃል ለአንባቢው ነገሩ ኃጢአት ነው ወይም ወንጀል ነው ወይም መብት ነው ብሎ አስቀድሞ ይፈርድለታል። አንባቢው ፊርማውን የሚያኖረው በዚያ ፍርድ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሆነ፣ የቃላቱን የኋላ ታሪክ መመርመር የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችንም የተርጓሚዎችንም ድካም ይጠይቃል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስለ «ወለድ»። ቃሉ ከ«ወለደ» የወጣ መሆኑን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም። ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል፤ እናቲቱ «ዋና» ትባላለች፣ ልጁ «ወለድ» ይባላል። የግሪኩም «ቶኮስ» ትርጉሙ በመሠረቱ ልጅ፣ ውላጅ ማለት ነው። አሪስጣጣሊስ በፖለቲካ መጽሐፉ በዚሁ ምሳሌ ተጠቅሞ ብር ከብር መወለዱ ከተፈጥሮ የወጣ ነው ሲል ነቅፎታል። ይሁን እንጂ አማርኛው ከግሪኩ ተቀድቷል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አናይም። ላሙን ለአርቢ ሰጥቶ ጥጃውን የሚካፈል ሕዝብ ይህን ምሳሌ ከማንም ሳይማር ያገኘዋል። በግዕዝ የቆዩት «ልቃሕ» (ብድር) እና «ርዴ» (የብድር ትርፍ) በቤተ ክህነት መጻሕፍት ውስጥ ቀርተዋል፤ የቤትና የገበያ ቃል ሊሆኑ አልቻሉም።

«ወለድ» ከባንክ ጋር የመጣ የቢሮ ቃል ነው የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። እንደሚታወቀው የአቢሲኒያ ባንክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ ተከፈተ፤ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። የባንኩ መስኮት «ቼክ»ን፣ «ካፒታል»ን፣ ራሱን «ባንክ»ንም አምጥቷል። «ሂሳብ» እና «ኪሳራ» ግን ከዐረብኛ መጥተው በነጋዴው አፍ የለመዱ ናቸው። «ወለድ» ከእነዚህ ወገን አይደለም። ለዚህ ማስረጃ የምናደርገው ባላገሩ ያለ ባንክ ሲገለገልበት የኖረውን «ወለድ አገድ» የሚለውን ስም ነው።

ወለድ አገድ እንዲህ ነው። ገበሬው ገንዘብ ይቸግረዋል፤ ሠርግ ይደርስበታል፣ በሬ ይሞትበታል፣ ወይም ካሣ ይፈረድበታል። ባለገንዘቡም ብሩን ይሰጠውና መሬቱን ይረከባል። አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይበላል፤ ተበዳሪውም በብሩ ላይ ወለድ አይከፍልም። ዋናው የተመለሰ ዕለት መሬቱ ይመለሳል። ፍሬው ወለዱን አገደው ማለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚዎቹ «አንቲክሬዝ» ለሚለው የፈረንሳይ ቃል ያቆሙት ይህንኑ «ወለድ አገድ» ነው። በእኛ አስተያየት በዚያ ትልቅ የትርጉም ሥራ ውስጥ ከተገኙት የተሳኩ ምርጫዎች አንዱ ይህ ነው። የፈረንሳዩ ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «በምላሹ መገልገል» ማለት ነው። እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። ግሪኩ ውሉን የሰየመው አበዳሪው በሚያገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም በመገልገሉ። አማርኛው ግን ተበዳሪው በሚድንበት ነገር ሰየመው፤ ይኸውም ከወለድ በመዳኑ። አንዱ ውል ከሁለት በር ታይቷል።

ከተበዳሪው በር በማየቱ ግን አማርኛው የሚሰውረው ነገር አለ። የመሬቱ ፍሬ ከማናቸውም ወለድ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ገበሬው ብድሩን የሚከፍልበት ምንጭ ያው መሬት ሆኖ ሳለ መሬቱ በአበዳሪው እጅ ነው። ስለዚህ ውሉ ለዓመታት ሲዘልቅ ስሙ «ወለድ የለብህም» እያለ ያጽናናዋል፤ ጎተራው ግን ባዶ ይሆናል። መዝገበ ቃላት «ወለድ አገድ»ን «ወለድ የማይከፈልበት የመያዣ ብድር» ብሎ ቢፈታው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የውሉን ግማሽ ትቷል። ፍሬውን ማን እንደሚወስድ ያልተናገረ ፍች ለዚህ ቃል ፍች አይባልም።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ባለይዞታው መሬቱን በሽያጭ፣ በመለወጥ፣ በውርስ፣ በመያዣ፣ በወለድ አገድ ወይም በኪራይ እንዳያስተላልፍ ከልክሏል። አዋጁ ውሉን በስሙ መጥራቱ ልማዱ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ወደ ከተማ ገባ። ቤቱን በወለድ አገድ የሚሰጥ የከተማ ሰው አለ፤ አበዳሪው ያለ ኪራይ ይኖርበታል፣ ባለቤቱ ዋናውን ሲመልስ ይረከበዋል። እዚህም ስሌቱ ያው ነው፤ የቀረው ኪራይ በዓመት ስንት እንደሚሆን ሳያስብ የሚፈርም ሰው ወለዱን በኪራይ ስም ከፍሏል።

አሁን ወደ «አራጣ» እንለፍ። በቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም ውስጥ አራጣ ከብድር የሚገኝ ማናቸውም ጭማሪ ነው፤ መጠኑ አይጠየቅም። በሕግ ግን የተለየ ነገር ሆነ። ከላይ የጠቀስነው የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ካልተዋዋሉ በቀር ተበዳሪው ወለድ የመክፈል ግዴታ የለበትም ይላል። ይህም «ብድር» ከሚለው ቃል የአማርኛ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነው። ብድር በአማርኛ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዋለልንን ሰው ብድሩን እንመልስለታለን፣ የበደለንንም እንዲሁ። የሚመለሰው የተሰጠውን ያህል ነው፤ ጭማሪ በቃሉ ውስጥ የለም። ሕጉ ቀጥሎ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የወለድ ስምምነት በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መጠኑ ሳይወሰን የቀረ እንደ ሆነ ሕጉ ራሱ የሚያስበው ወለድ 9 በመቶ ነው። ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር ደግሞ በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። (እዚህ ላይ እንደ መንገድ ወሬ አንድ ነገር እናንሣ፤ አማርኛው «ብር» ያለውን እንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ይለው ነበር። እንግሊዝኛውም «ብር» ማለት የጀመረው ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚህ ጊዜ ትርጉሙ ወደ ምንጩ ተመለሰ።)

«አራጣ» በወንጀል ሕግ ውስጥ የያዘው ስፍራ ከዚህም የጠበበ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 የሚቀጣው ከፍ ያለ ወለድ መቀበልን ብቻውን አይደለም። የተበዳሪውን ችግር፣ ጥገኝነት ወይም የልምድ ማነስ መጠቀሚያ አድርጎ ከተፈቀደው መጠን በላይ ማበደርን ነው። እንግዲህ በሕግ ዘንድ አራጣ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ መጠን ነው፣ ሁለተኛው የሰውን ችግር መበዝበዝ ነው። «አራጣ፤ ከፍተኛ ወለድ» የሚል የመዝገበ ቃላት ፍች በአንድ እግር የቆመ ነው።

በገበያ ደግሞ ቃሉ ሦስተኛ መልክ አለው። ባንክ ለግለሰብ ከተወሰነው 12 በመቶ በላይ ቢያስከፍል፣ በራሱ ደንብ የሚመራ ስለ ሆነ፣ ሰው ሁሉ «ወለድ» ይለዋል። ጎረቤት ያንኑ መጠን ቢያስከፍል ግን «አራጣ አበዳሪ» ይባላል። ሰውም ቃሉን የሚሰጠው መጠኑን መዝኖ ሳይሆን ገንዘቡ ከየት በር እንደ ወጣ አይቶ ነው። የቃል ብድር ሌላም አደገኛ ልማድ አለው። «በመቶ አሥር» ይባላል እንጂ በወር ወይስ በዓመት እንደ ሆነ አይነገርም፤ ሁለቱ ወገኖች ያውቁታልና። 10,000 ብር የተበደረ ሰው በመቶ አሥሩ የዓመት ከሆነ በዓመቱ 1,000 ብር ይጨምራል፤ የወር ከሆነ ግን ወለዱ በወለድ ላይ ሳይታሰብ እንኳ 12,000 ብር ይሆንበታል። ባንክ በዓመት ማሰብ ልማዱ ስለ ሆነ ተርጓሚውም «በዓመት» የምትለዋን ቃል ሁሉም የሚያውቃት እየመሰለችው ይጥላታል። በወር ማሰብ የለመደ አንባቢ ግን አያውቃትም። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ከዚች ቃል የሚበልጥ ዋጋ ያለው ቃል የለም ብንል አላጋነንንም።

የሙስሊም አንባቢዎችን ጉዳይ ለይተን ማንሣት ይገባናል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በታተመው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም «ሪባ» የሚለው የዐረብኛ ቃል «አራጣ» ተብሎ ተመልሷል። ይህ ከመዝሙሩ ትርጉም ጋር የተስማማ ምርጫ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ግን በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ይህን አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ መንገድ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች እንዲቋቋሙ በፈቀደ ጊዜ፣ የአገልግሎቱ ስም «ከወለድ ነጻ» ሆነ እንጂ «ከአራጣ ነጻ» አልሆነም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ከአራጣ ነጻ» የሚል ስም ቢሰጠው ኖሮ በአጠገቡ ያለው መስኮት አራጣ ያበድራል ማለት በሆነ ነበር፤ አራጣም በአገሩ ሕግ ወንጀል ነው። ስለዚህ ለባንክ አገልግሎት ስም «ወለድ» ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ነገር ግን ይኸው ምርጫ ሌላ ጥያቄ አስከትሏል። አማኙ በመጽሐፉ የተከለከለው አራጣ ነው፤ በባንኩ የቀረለት ወለድ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም? ይህን የሚመልሱት የሃይማኖቱ ሊቃውንት እንጂ ተርጓሚ ወይም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አይደሉም። ስለዚህም በሃይማኖታዊ ምክር ጽሑፍ ውስጥ «ሪባ»ን እንዳለ መተው እንደሚሻል እናስባለን። ቃሉ ለአንባቢዎቹ የታወቀ ነው፤ በማይታወቅ ቦታ ላይም አይፈርድም።

ወለድ ስሙን ሰውሮ የሚኖርበትም ስፍራ አለ። ሃያ ሰዎች በየወሩ ሺህ ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቁብ እንውሰድ። ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው 20,000 ብር ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ የራሱ ያዋጣው 1,000 ብር ብቻ ነው፣ 19,000ው ያለ ወለድ የተበደረው ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለ ወለድ ሲያበድር የቆየ ነው። ዕጣ የሚለው ቃል ይህን አበዳሪነትና ተበዳሪነት ከሰው ፈቃድ አውጥቶ ለዕድል ሰጠው፤ ስለዚህ ማንም አራጣ በላ አይባልም። ሆኖም የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ጥቂት ብር ከፍሎ ሲገዛ ወለድ ተከፈለ፤ ስሙ ግን «ዕጣ መሸጥ» ነው። ዕቁብን ለውጭ አንባቢ የገለጹ ጽሑፎች ተመልሰው ወደ አማርኛ ሲተረጐሙ «ተዘዋዋሪ የቁጠባና የብድር ማኅበር» ሆነው ሲመጡ አይተናል። ባለቤቱ ከደጅ ሲገባ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ እንደ መቅረት ነው።

«ቁጠባ» ራሱ ስለ ምን ዓይነት ተግባር እንደሚናገር ጥቂት ማለት ይገባል። «ቆጠበ» አጥብቆ ያዘ፣ አሳነሰ፣ ከማባከን ተከለከለ ማለት ነው፤ ከክፉ ነገር «ተቈጠበ» እንላለን። ስለዚህ ቁጠባ በመሠረቱ አለማድረግን የሚያመለክት ቃል ነው። የተቀመጠውን ሀብት ራሱን የሚሰይሙት «ጥሪት» እና «ቅርስ» ነበሩ። «ቅርስ የለውም» የተባለ ሰው ለክፉ ቀን ያኖረው ነገር የሌለው ሰው ነበር። ይሁን እንጂ «ቅርስ» የአገርን የታሪክ ሀብት እንዲያመለክት ተወስዶ ሙዚየም ገባ፤ ቤተሰቡ ቃሉን አጣ። በዚህ ለውጥ አንቈጭም ማለት አንችልም፤ «ተቀማጭ ገንዘብ» የባንክን መዝገብ ይገልጻል እንጂ የቤትን ሀብት አይገልጽምና።

በሌላ በኩል «ቁጠባ» ራሱ ተቀይሯል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ ቃሉን ከቤት ጋር አጋባው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብር የቤት ፈላጊዎች ምዝገባ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ «ቆጣቢ» ማለት በከተማው አነጋገር ተራውን የሚጠብቅ ሰው ማለት ሆኗል። ገንዘብ ከማባከን የሚከለከል ሰው ሁሉ በዚህ አነጋገር ቆጣቢ አይደለም። ስለ ቤተሰብ በጀት የሚመክር ጽሑፍ «ቆጣቢዎች» ብሎ ሲጀምር ብዙ አንባቢ ስለ ቤት ምዝገባ መስሎት እንደሚያነበው ልብ ይሏል። የ«መዋዕለ ንዋይ»ን ጉዳይ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ለጊዜው ግን ገንዘቡን «አፍስስ» የተባለ ባለጥሪት ውኃና እህል ሲፈስ እንጂ ፍሬ ሲያፈራ እንደማይታየው ማስታወስ ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ አዲስ የስያሜ ጥያቄ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻው 107 ብር ቢያገኝም፣ በመጀመሪያ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ወጥቶ ነበር። ልጁ ተወለደ፤ እናቲቱ ግን ከሳች። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊዎች ግሽበቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ወለድ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ወስደው «እውነተኛ ወለድ» ሲሉት እናነባለን። ይህ ስያሜ ሌላውን ወለድ ሐሰተኛ ያደርገዋል፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው 7 ብር ግን ሐሰት አይደለም፣ ባንኩም አላታለለም። ከዚህም በላይ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲሆን «አሉታዊ እውነተኛ ወለድ» የሚል፣ ተራ አንባቢ ሊፈታው የማይችል ሐረግ ይወለዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የደብተር ወለድ»፣ ሁለተኛውን «የመግዛት ዐቅም ወለድ» ብለን ብንለይ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲወርድም «ወለድ» የሚለውን ቃል ትተን «የዋና መቀነስ» ብንል ለባለ ደብተሩ ይቀርብ ይመስለናል። ሌላ የተሻለ ቃል ያላችሁ ተርጓሚዎች፣ በተለይም በገጠር የቁጠባና የብድር ማኅበራት ውስጥ አባላት ራሳቸው ይህን ኪሳራ ምን ብለው እንደሚጠሩት የሰማችሁ፣ ቃሉን ከተነገረበት ዐረፍተ ነገር ጋር ጽፋችሁ እንድትልኩልን እንጠይቃለን።